የሽማግሌዎቹ ማደሪያ

ሽማግሌ ለመላክ መጀመሪያ ሆቴል መምረጥ ሊያስፈልግ እንደሚችል የነገረኝ ሰው አልነበረም። በእኛ አገር ሽማግሌ ከቤቱ ተነስቶ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ በማለዳ የልጅቷ ቤት ደጃፍ ላይ ይቆማል፤ አለቀ። ልጄ ኖህ የመረጣት ልጅ ግን ያሳደጓት አያቷ የሚኖሩት ጓቴማላ ውስጥ ነው። አንቲጓ ትባላለች ከተማዋ። ደጋ ላይ ናት፤ ስፔኖች በቅኝ ግዛት ዘመናቸው የቆረቆሯት፣ መንገዷ ሁሉ ድንጋይ የተነጠፈ፣ ከቤቶቿ ጣራ በላይ እሳተ ገሞራ የሚታይባት። የእኔ ሽማግሌዎች ደግሞ አንዱ በመኪና የግማሽ ሰዓት መንገድ አሌክሳንድሪያ፣ ሁለቱ እዚህ እኔ ያለሁበት ሲልቨር ስፕሪንግ ናቸው።

ልጅቷ ሰሊና ትባላለች። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተችባት እስከ አሥራ ስድስት ዓመቷ አያቷ ዶኛ ኤልቪራ አሳደጓት፤ ዶኛ በእነሱ እንደ ወይዘሮ ማለት ነው። ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አክስቷ አመጣቻት። አሁን ነርስ ናት፤ ከኖህ ጋር አሌክሳንድሪያ ይኖራሉ። ስለ ሽማግሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳሁ ቀን ኖህ ሳቀ። «እማ፣ ዊ ኧር ኦልሬዲ ኢንጌጅድ» አለኝ፤ ከተጫጨን እኮ ቆየን ማለቱ ነው። ሰሊና አልሳቀችም። ቀለበቷን በጣቷ ላይ እያዞረች፣ አያቷ በገዛ አፋቸው እሺ ሳይሉ ሠርግ እንደማይኖር ለሁለታችንም ነገረችን። በስልክ እንዲጠየቁም አልፈለገችም።

«አያቴ ሦስት ልጆቿን በስልክ ነው የዳረችው» አለች። «ሁሉም ተጋብተው ካበቁ በኋላ ነው የነገሯት። ለእኔ ሲሆን በሯ እንዲንኳኳ እፈልጋለሁ።»

በሩ እንዲንኳኳ ተወሰነ።

የኖህ አባት ይድነቃቸው ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ስለዚህ ሽማግሌዎቹን የመረጥኩት እኔ ነኝ። አቶ ወልደአምላክ ኖህን ክርስትና ያነሱት ናቸው፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። አቶ ይገዙ የባለቤቴ ጓደኛ ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ሦስተኛው ወንድሜ ክፍሉ ነው። ከገና በኋላ፣ በጥር፣ ሐሙስ ሄደው እሑድ እንዲመለሱ ተስማማን።

ከዚያ ሠንጠረዥ ሠራሁ። እንጀራዬ በአንድ ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ የደም ናሙና በማይክሮስኮፕ ማየት ስለሆነ፣ ሁለቴ ሳልቆጥር የምጽፈው ነገር የለም። በመጀመሪያው ሳምንት አርባ አንድ ሆቴሎች መዘገብኩ። በጣም ርካሾቹን አወጣሁ፤ ሽማግሌን ርካሽ ቦታ ማሳደር ነውር ነው። በጣም ውዶቹንም አወጣሁ፤ አቶ ወልደአምላክ የእኔን ጓዳ እያሰቡ እንቅልፍ አይወስዳቸውም፣ የልጅቷም ወገን ሀብታቸውን ሊያሳዩን መጡ ይላል። መካከለኛዎቹ ቀሩ። በኢንተርኔት አስተያየት የሰጣቸው ሰው ከሃምሳ የሚያንሱትን ደግሞ አላመንኩም፤ አወጣሁ። አሥራ አራት ሆኑ።

የአሥራ አራቱን አስተያየት ሁሉ አነበብኩ። አምስት ኮከብ የሚሰጥ ሰው ጫጉላ ላይ ያለ ነው። አንድ ኮከብ የሚሰጠው ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ የመጣ ነው። ሦስት ኮከብ የሚሰጥ ሰው ግን አይቷል። «ፍራሹ ደህና ነው፤ ሙቅ ውሃው እስኪመጣ ሰባት ደቂቃ ይፈጃል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይቀሰቅሳል» ብሎ ይጽፋል። ከዚህ ላይ የሽማግሌዎቼን ነገር ጨመርኩበት። አቶ ወልደአምላክ አምና ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ሆነዋል፤ ደረጃ አይወጡም። አቶ ይገዙ ገና ሳይነጋ ተነስተው ድምፃቸውን አውጥተው ስለሚጸልዩ ግድግዳው ወፍራም መሆን አለበት። ወንድሜ ክፍሉ ብርድ አይችልም፤ ከተማዋ ደጋ ናት ከተባለ ጀምሮ እዚሁ ሆኖ ያስነጥሳል።

ለሰባት ሆቴሎች፣ ከመንገዱ በር እስከ ምድር ላይ ያሉት ክፍሎቻችሁ ድረስ ስንት ደረጃ አለ ብዬ ኢሜይል ጻፍኩ። አምስቱ «ጥቂት» ብለው መለሱ። ስድስተኛው ጣራ ላይ ስላለው ባር ነገረኝ። ሰባተኛው፣ «ሦስት፤ ሁለተኛው ጠርዙ ትንሽ ተሰብሯል» ብሎ ጻፈ። ይህን ሰው ወደድኩት፤ ሆቴሉንም አንደኛ አደረግሁት።

የቀረኝ ከሆቴሎቹ እስከ ዶኛ ኤልቪራ ቤት ያለው የእግር መንገድ ብቻ ነበር። ዝርዝሩን ለሰሊና ላክሁላትና አያቷን እንድትጠይቅልኝ ነገርኳት። የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው፤ ያኔ ግን ርቀት የጠየቅሁ ብቻ ነበር የመሰለኝ።

ሰሊና አያቷ ጋ የምትደውለው በየእሑዱ ነው። በዚያ እሑድ ዶኛ ኤልቪራ የሆቴሎቹን ስም እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ምድጃ ላይ የጣድኩት አለ ብለው ስልኩን ዘጉ። በሚቀጥለው እሑድ አላነሱም። በሦስተኛው ጎረቤታቸው አነሳችና፣ ደህና ናቸው፣ ግን ማነጋገር አይፈልጉም አለች።

ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ሰሊና ክሊኒኩ በር ላይ መኪናዋ ውስጥ ሆና ጠበቀችኝ። ገብቼ ጎኗ ተቀመጥኩ። ቀለበቱ ጣቷ ላይ አልነበረም። ጎረቤቲቱ የነገረቻትን በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። ዶኛ ኤልቪራ ሽማግሌዎች ይመጣሉ ከተባሉበት ቀን ጀምሮ የኋላውን ክፍል ኖራ ቀብተዋል፤ ከዘመድ ሦስት አልጋ ተውሰው አስገብተዋል፤ አንሶላዎቹን አጥበው ተኩሰው ጨርሰዋል።

«ከሩቅ አገር መጥተው አልጋዬን የሚጠየፉ ሰዎች ልጄን እንዴት ያኖሯታል ብላለች» አለችኝ። አላለቀሰችም። መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ፊት ለፊቷን ታያለች። «ምን ብዬ ልመልስላት? እኔ ራሴ ለምን ሆቴል እንደሚያስፈልግ አላውቅም።»

እውነቷን ነው፤ አስረድቻት አላውቅም። ማንም የሚያውቀው ነገር መስሎኝ። ሽማግሌ እሺታ ሳያገኝ በልጅቷ ቤት እህል ውሃ አይቀምስም፤ ተቀመጡ ቢባል እንኳ ቶሎ አይቀመጥም። ማደርማ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም። ይህን ስነግራት ሰሊና ወደ እኔ ዞረች። በእነሱ ቤት ደግሞ አልጋ የተነጠፈለት እንግዳ ሌላ ቦታ ካደረ ተጣልቶ ሄደ ማለት እንደሆነ ነገረችኝ። ሁለታችንም ትክክል ነበርን፤ ያ ነው ያስጨነቀኝ።

በእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አቶ ይገዙንና ክፍሉን በመኪናዬ ይዤ አሌክሳንድሪያ አቶ ወልደአምላክ አፓርትመንት ሄድኩ። አቶ ይገዙ መንገዱን ሙሉ ስለ አነዳዴ ምክር ሰጡኝ። ደርሰን የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ለዚህ አንድ ጊዜ ሥርዓቱን ተዉት ቢባል ምን ይመስላችኋል ብዬም ጠየቅሁ። ድምፄ ሳያሳብቅብኝ አልቀረም።

«በአልጋቸው ተኝተን፣ ቁርሳቸውን በልተን፣ ከዚያ ፊታችንን ታጥበን ልጅዎን ይስጡን ልንላቸው ነው?» አሉ አቶ ይገዙ። «ይሄ ሽምግልና ሳይሆን ከበባ ነው።»

ክፍሉ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ካለ እሱ ቅር እንደማይለው ተናገረ።

«አንተ ዝም በል፤ ገና ሽማግሌ አልሆንክም» አሉት አቶ ይገዙ። ክፍሉ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው።

አቶ ወልደአምላክ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው ሲሰሙ ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ጸዳለ፣ ሽማግሌ ውጭ የሚያድረው ለማን ክብር ይመስልሻል?»

ለራሱ ለሽማግሌው ነዋ አልኳቸው።

«አይደለም ልጄ። ለባለቤቶቹ ነው። ሴትዮዋ እምቢ ማለት ቢፈልጉስ? አልጋ ያነጠፉለትን ሰው፣ ጉልበቱን እያመመው የመጣ ሽማግሌ፣ እንዴት አድርገው ልጄን አልሰጥህም ይሉታል? እኛ ራቅ ብለን የምናድረው እምቢ የማለቱን መብት እንዳንነፍጋቸው ነው። ንቀን እንዳልሆነ ንገሪያቸው። ፈርተናቸው ነው በያቸው።»

ከዚያ አቶ ይገዙንና ክፍሉን እዚያው አቆይቼ ኖህና ሰሊና ቤት ሄድኩ፤ አሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ሰሊና በጎረቤቲቱ ስልክ ደውላ፣ አያቷ ለአምስት ደቂቃ ብቻ እንዲሰሙን ለመነች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው። እኔ በእንግሊዝኛ እናገራለሁ፣ እሷ ወደ ስፓኒሽ ትመልሳለች፤ ኖህ ቆሞ ያየናል። አቶ ወልደአምላክ ያሉትን አንድም ቃል ሳልጨምር አደረስኩ። ወዲያ ማዶ ውሻ ይጮሃል።

«እምቢ ብላቸውስ?» አሉ ዶኛ ኤልቪራ በመጨረሻ።

ሳይቀየሙ ወደ ሆቴላቸው ይመለሳሉ፣ ሌላ ቀንም ይመጣሉ አልኩ።

«ያኔም እምቢ ብላቸው?»

«ያኔም ይመጣሉ።»

ሰሊና ይህን ስትተረጉም ድምጿ ቀጠነ። ኖህ መጥቶ ከኋላዋ ቆመ። አያቷ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነበራቸው፤ ሥርዓቱ ስንት ጊዜ እንዲመልሷቸው እንደሚያዝ ማወቅ ፈለጉ። ቁጥር ጠየቁኝ፤ ቁጥር መለስኩ። ቢያንስ አንድ ጊዜ እንመካከር ብሎ መመለስ ለልጅቷ ክብር ነው፤ ከዚያ በላይ የባለቤቶቹ ፈቃድ ነው አልኩ። «አንድ» ብለው ሲደግሙት ሰማሁ። ቀጥለው የትኛውን ሆቴል እንዳሰብን ጠየቁ። ሰሊና ከዝርዝሬ የአንደኛውን ስም አነበበችላቸው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተናገሩ። ሰሊና መተርጎሙን ትታ አፏን በእጇ ሸፈነች፤ እየሳቀች ነበር። ለእኔ ማንም ያልነገረኝ ነገር፣ ዶኛ ኤልቪራ በዚያች ከተማ ሆቴሎች ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት አልጋ አንጥፈዋል፣ አንሶላ አጥበዋል። ያንን ሆቴል ያውቁታል። ሦስቱ ደረጃ እውነት ነው፤ የተሰበረውም እውነት ነው። ግን ምድር ላይ ያሉት ክፍሎች የኋላ ግድግዳቸው ውሃ ያዝላል፤ በየዓመቱ ቀለም ይቀቡታል፣ ቁም ሣጥኑን ያስጠጉበታል፣ በጥር ፍራሹ ይሸታል።

ሠንጠረዤ ይዤው በመጣሁት ላፕቶፕ ላይ ተከፍቶ ነበር። አሥራ አራት መስመር፣ አሥራ አንድ ዓምድ። ከቁም ሣጥን በስተጀርባ ያየ ባለ ሦስት ኮከብ ሰው ግን አንድም አልነበረም።

«እሳቸው ይምረጡልን በያቸው» አልኳት።

ሰሊና እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀችኝ። ኖህም አየኝ፤ ልጄ ስለሆነ ያውቀኛል። ላፕቶፑን ዘጋሁት።

ከዚያ ቀን በኋላ የድምፅ መልእክት ይመጣልን ጀመር። የአቶ ወልደአምላክን ጉልበት፣ የአቶ ይገዙን ጸሎት፣ የወንድሜን የክፍሉን ብርድ አስረድተናቸዋል። ዶኛ ኤልቪራ በእግራቸው ከሆቴል ሆቴል ይዞራሉ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለውን ሰው አይጠይቁም፤ አልጋ የምታነጥፈዋን ይጠይቃሉ። እጃቸውን ከፍራሹ ሥር ይከታሉ፣ ትራሱን ይገለብጣሉ፣ ቧንቧ ከፍተው እስኪሞቅ ይቆጥራሉ። እያንዳንዱ አልጋ ላይ ይቀመጡና በእጃቸው ሳይደገፉ ይነሳሉ። ዝቅ ያለ አልጋ ጉልበቱን ለታመመ ሰው ወጥመድ ነው አሉ። እኔ ስለ አልጋ ከፍታ ያሰብኩት አንድም ቀን የለም። ስለ ደረጃ ብቻ ነበር የማስበው፤ ሰውየው ደረጃውን ከወጣ በኋላ እንደሚተኛ ረስቼ።

ሰሊና መልእክቶቹን በምሳ ሰዓቷ ተርጉማ ትልክልኛለች። ቀለበቷን መልሳ አጥልቃለች፤ ኖህ ነው የነገረኝ። እኔም የምጠይቀውን እየጻፍኩ እልካለሁ። አንድ ጊዜ ግድግዳው ምን ያህል ይወፍራል ብዬ ብጠይቅ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሆነው አልጋ አንጣፊዋን «አባታችን ሆይ» በይልኝ ብለው እንዳዳመጡ መልሱ መጣ። የሰማሁት «አሜን» የሚለውን ብቻ ነው፣ እሱንም ጮኻ ስላለችው ነው ብለዋል። ይህን ሳነብ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ጎኔ ያለችው ልጅ ምን አሳቀሽ አለችኝ።

ስድስት ሆቴሎች ጣሉ። ሰባተኛው በእኔ ሠንጠረዥ ውስጥ ያልነበረ ነው፤ ሁለት እኅትማማቾች የሚያስተዳድሩት ዘጠኝ ክፍል ያለው ቤት፤ አሥራ አራት ሰው ብቻ አስተያየት የሰጠበት። ክፍሎቹ በግቢው ዙሪያ ናቸው፣ አንድም ደረጃ የለውም፣ ከቤታቸው አራት ደቂቃ ነው፤ ጉልበቱን ለታመመ ስድስት። የመረጡበትን ምክንያት እንዲህ ብለው ላኩልኝ፦

«የልጄን ሽማግሌዎች ርካሽ ቦታ አላሳድርም። ውድ ቦታ ካደሩ ደግሞ እኔ ቤት ሲመጡ ወንበሬ ያንስባቸዋል።»

እኔ ሳምንት ሙሉ ያወጣሁ ያወረድኩበትን እሳቸው በሁለት መስመር ጨረሱት። አስተያየት የሰጡት አሥራ አራት ሰዎች ብቻ መሆናቸው ሳያስጨንቀኝ እሺ አልኩ።

እኅትማማቾቹ በኢንተርኔት ክፍል አይዙም፤ ስለዚህ ዶኛ ኤልቪራ ሄደው በቃላቸው አስያዙልን። በታኅሣሥ አጋማሽ ማረጋገጫው በኢሜይል ደረሰኝ። ሦስት ክፍል ይላል፤ ስሞቹ ትክክል ናቸው። መግቢያ ሐሙስ፣ መውጫ ቅዳሜ። ሁለት ሌሊት። አውሮፕላኑ የሚነሳው እሑድ ነው፤ ሦስት ሌሊት እንደሚያስፈልግ በግልጽ ጽፌ ነበር። እንደ ልማዴ ሁለቴ አነበብኩት። ለእኅትማማቾቹ ጻፍኩና አንድ ሌሊት መጉደሉን አመለከትኩ። መልሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣ፤ ሴትዮዋ ሁለት ነው ብለዋል፣ እኛም ገርሞን ሦስት ጊዜ ጠይቀናቸዋል ይላል።

ለሰሊና ኮል አደረግሁላት። እሷም አያቷን ጠይቃ መልሳ ደወለች። መጀመሪያ በስፓኒሽ የተላከውን የድምፅ መልእክት አሰማችኝ፣ አንድም ቃል አልገባኝም፤ ከዚያ እየቆራረጠች ተረጎመችው።

«ሐሙስ ደክሟቸው ይደርሳሉ፤ ይተኙ። ዓርብ በሬን ያንኳኩ። አስባለሁ ብዬ እመልሳቸዋለሁ፤ ሥርዓታቸውን አላጎድልም። ቅዳሜ ጠዋት ይምጡ። ቅዳሜ ማታ ለሆቴል የሚከፈልበት ምክንያት ግን አይታየኝም። አልጋዎቹን ለዘመዶቼ አልመለስኳቸውም።»

እንድትደግምልኝ ጠየቅኋት። ደገመችልኝ። ኖህ ከኋላ ምንድነው፣ ችግር አለ ወይ እያለ ሲጠይቃት ይሰማኛል። ንገሪው ብያት ዘጋሁ።

ለሽማግሌዎቹ ግን አልነገርኳቸውም። ሽማግሌ መልሱን አውቆ አይሄድም። የበረራውን ሰዓት፣ የሆቴሉን አድራሻ፣ የሐሙስንና የዓርብን ማደሪያ ብቻ በአንድ ወረቀት ጽፌ ላክሁላቸው። በማግስቱ አቶ ወልደአምላክ ደወሉ።

«ወረቀቱን አየሁት። ቅዳሜ የት ነው የምናድረው?»

«ለቅዳሜ አልተያዘም» አልኳቸው።

«አንቺ ረስተሽ?»

«አልረሳሁም።»

«ማነው ያስያዘው?»

«ዶኛ ኤልቪራ ራሳቸው ናቸው።»

ወንበራቸው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ እግራቸውን እያስተካከሉ ይመስለኛል።

«በይ ከዚህ በላይ አትንገሪኝ» አሉ። «ለይገዙም እንዳትነግሪው፣ ፊቱ ላይ ያስታውቅበታል። ዓርብ ዕለት እንደሚገባው ተጨንቀን መቆም አለብን።» ስልኩን የሚዘጉ መስሎኝ ደህና ይዋሉ ልል ስል ቀጠሉ። «ጸዳለ፤ በሰው ቤት የሚለበስ ደህና ፒጃማ ግን ፈልጊልኝ። የእኔ ጉልበቱ ላይ ተቀዷል።»

ልካቸውን ጠየቅኋቸው።